ሪል አናሊሲስንና አብስትራክት አልጀብራን በአንድ ሴሚስተር መውሰድ ይበጃል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ልሆን ነው። 12ኛ ክፍልን ባሕር ዳር ጨርሼ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሬ ወደዚህ ተዛወርኩ። ሦስቱን ካልኩለሶች፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንንና ሊኒየር አልጀብራን በ«ኤ»፣ የማረጋገጫ አጻጻፍ መግቢያውን ኮርስ ደግሞ በ«ቢ ፕላስ» አልፌያለሁ። በመጪው ፎል (የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር) ሪል አናሊሲስንና አብስትራክት አልጀብራን አንድ ላይ፣ ከእነሱም ጋር ፕሮባቢሊቲ፣ ፊዚክስ ከነላቦራቶሪውና አንድ የጠቅላላ ትምህርት ኮርስ፣ በድምሩ 16 ክሬዲት ለመመዝገብ አስቤያለሁ። በሳምንት 20 ሰዓት እሠራለሁ። ወደፊት ፒኤችዲ ማመልከት እፈልጋለሁ። የትምህርት አማካሪዬ «ምርጫው ያንተ ነው» አሉኝ፤ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ግን «ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሁሉ ይጸጸታል» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ ሁለቱን ኮርሶች፣ ማለትም የካልኩለስን መሠረት በጥብቅ የሚያረጋግጠውን ሪል አናሊሲስንና የስሌት መዋቅሮችን የሚያጠናውን አብስትራክት አልጀብራን፣ አንድ ላይ መውሰድ የሚቻል ነገር ነው፤ በየዓመቱም የሚወስዱና በጥሩ ውጤት የሚያልፉ ተማሪዎች አሉ። እርስዎ ባቀረቡት አኳኋን፣ ማለትም በ16 ክሬዲትና በ20 የሥራ ሰዓት ታጅበው መውሰዳቸውን ግን አልመክርም። የአራተኛ ዓመቱ ተማሪ የነገረዎት ነገር ከአንድ ሰው ገጠመኝ የመጣ ሊሆን ስለሚችል እንደ ደንብ አይያዙት፤ የአማካሪዎም መልስ ቢሆን ውሳኔውን መልሶ ለእርስዎ የሚያስረክብ እንጂ የሚያግዝ አይደለም። ጉዳዩን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ማረጋገጫ መጻፍ (አንድ ሒሳባዊ አባባል እውነት መሆኑን ደረጃ በደረጃ በምክንያት ማሳየት) አሁን ምን ያህል እንደለመዱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሳምንት ውስጥ በዝግታ ለማሰብ የሚሆን ምን ያህል ጊዜ እንዳለዎት ነው።

እስካሁን «ኤ» ያገኙባቸው ኮርሶች በአብዛኛው የማስላት ኮርሶች ናቸው። የመፍትሔው መንገድ በክፍል ውስጥ ይሰጣል፣ የቤት ሥራው ያንኑ መንገድ በሌላ ቁጥር ይደግማል፣ ፈተናውም በሰዓቱ ማን በትክክል እንደሠራ ይለካል። በኢትዮጵያ ያለፉበት ትምህርትም ለዚህ በሚገባ አዘጋጅቶዎታል። በምርጫ ጥያቄ የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ፍጥነትንና የስሌት ጥንካሬን ስለሚጠይቅ፣ ከአገር ቤት የሚመጡ ተማሪዎች በካልኩለስ ክፍል ውስጥ ከአሜሪካውያን ጓደኞቻቸው ቀድመው ሊገኙ ይችላሉ። በሪል አናሊሲስና በአብስትራክት አልጀብራ ግን ፍጥነት ዋና ችሎታ መሆኑ ያበቃል። የቤት ሥራው አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ «አረጋግጥ» ይላል፤ ከመካከላቸውም አንዱ ወይም ሁለቱ በክፍል ውስጥ ከታየው ምሳሌ ጋር ምንም የማይመሳሰሉ ይሆናሉ። ስለዚህ እርስዎን በተመለከተ ከ«ኤ»ዎቹ ሁሉ ይልቅ የማየው ያንን «ቢ ፕላስ» ነው። መጥፎ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሚመጣው ነገር ጋር የሚቀራረበው እርሱ ብቻ በመሆኑ ነው።

የሁለቱን ኮርሶች ልዩነት በቅርብ ለማሳየት ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የመጀመሪያ ሳምንታት ጥያቄ ልውሰድ። በአናሊሲስ፣ ኤክስን በራሱ የሚያባዛው ፈንክሽን በ2 ላይ ቀጣይ (ሥዕሉ በዚያ ነጥብ የማይቋረጥ) መሆኑን አረጋግጡ ይባላል። በካልኩለስ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ሥዕሉን አይቶ ማለፍ ይበቃል። እዚህ ግን አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ትንሽ፣ ከዜሮ የሚበልጥ ኤፕሲሎን የሚባል ቁጥር ሲሰጠን፣ ኤክስ ለ2 ምን ያህል ሲቀርብ የኤክስ ስኩዌር ከ4 ያለው ርቀት ከኤፕሲሎን እንደሚያንስ እኛ ዴልታ የሚባለውን የቅርበት ልክ ሰጥተን ማሳየት አለብን። የኤክስ ስኩዌር ከ4 ያለው ርቀት፣ ኤክስ ከ2 ያለው ርቀት በ«ኤክስ ሲደመር 2» ሲባዛ የሚገኘው ነው። ችግሩ ያለው ሁለተኛው አባዢ ኤክስ ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጥ መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ኤክስ ከ2 ያለውን ርቀት ከ1 በታች እናደርጋለን፤ ያን ጊዜ ኤክስ በ1ና በ3 መካከል ስለሚሆን «ኤክስ ሲደመር 2» ከ5 ያንሳል። ከዚያ ዴልታን ከ1ና ከኤፕሲሎን አምስተኛ ትንሹን አድርገን ስንመርጥ ነገሩ ያልቃል። ቁም ነገሩ የትኛውን መጠን በቅድሚያ መግታት እንደሚገባ ማየት፣ ከዚያም ጽሑፉን ስንጽፍ በወረቀት ላይ ካሰብነው ቅደም ተከተል በተቃራኒው መጻፍ መቻል ነው። አናሊሲስ በአመዛኙ እንዲህ ያለ ከበላይና ከበታች የመገደብ ጥበብ ነው፤ እጅ እስኪለምደው ድረስም ጊዜ ይወስዳል።

በአልጀብራ ደግሞ፣ እያንዳንዱ አባል በራሱ ሲባዛ ገለልተኛውን አባል የሚሰጥበት ግሩፕ ሁሉ ተቀያያሪ መሆኑን አረጋግጡ ይባላል። ግሩፕ ማለት ቅንፉ ቢዛወር ውጤቱ የማይለወጥ ማባዛት፣ ሲባዛ ምንም የማይለውጥ ገለልተኛ አባልና ለእያንዳንዱ አባል ተገላቢጦሽ ያለው ስብስብ ነው፤ ተቀያያሪ የሚባለውም የማባዛት ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ሳይለውጥ ሲቀር ነው። ሁለት አባላት እንውሰድ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው፤ ብዜታቸውንም «ሀለ» ብለን እንጻፍ። እያንዳንዱ አባል በራሱ ሲባዛ ገለልተኛውን ከሰጠ፣ እያንዳንዱ አባል የራሱ ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። የ«ሀለ» ተገላቢጦሽ በማንኛውም ግሩፕ ውስጥ የ«ለ» ተገላቢጦሽ በ«ሀ» ተገላቢጦሽ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም የራሳቸው ተገላቢጦሽ ስለሆኑ ይህ «ለሀ» ይሆናል። በሌላ በኩል «ሀለ» ራሱም የግሩፑ አባል በመሆኑ የራሱ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ «ሀለ» ከ«ለሀ» ጋር እኩል ነው። እዚህ ውስጥ አንድም ግምት፣ አንድም የሚገደብ መጠን የለም፤ የተሰጠውን ብያኔ በትክክል አንብቦ የሚከተለውን ማውጣት ብቻ ነው። ማረጋገጫው አራት መስመር ቢሆንም፣ «ሀለ ራሱ አባል ነው» የምትለዋን ነጥብ ለማየት አንድ ተማሪ ሙሉ ምሽት ሊወስድበት ይችላል፤ ወስዶበት ካገኛት ደግሞ ያ ምሽት በከንቱ አልጠፋም።

ልዩነቱ ከታሪካቸውም የመጣ ነው። አናሊሲስ የተወለደው ካልኩለስ ይሠራ እንጂ ለምን እንደሚሠራ በጥብቅ ባልተነገረበት ዘመን፣ የሒሳብ ሊቃውንቱ ቦልዛኖና ኮሺ ከዚያም ቫየርሽትራስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሠረቱን ለማጥበቅ ሲነሱ ነው። አልጀብራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1832 ገና በ20 ዓመቱ ከሞተው ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ከጋልዋ የኢኩዌሽን ጥያቄዎች ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ በኤሚ ኖተር እጅ ዛሬ በክፍል ውስጥ የምናየውን የረቂቅ መዋቅሮች መልክ ያዘ። አንደኛው ስለ ቅርበት፣ ሁለተኛው ስለ መዋቅር ይጨነቃሉ። ለዚህም ነው አንዳንድ ተማሪ በአንደኛው ሲቸገር በሌላው የሚደሰተው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አንድ ጥቅም ያለው ከዚህ አንጻር ነው፤ አናሊሲስ ያደከመውን አእምሮ አልጀብራ በሌላ አቅጣጫ ያሠራዋል፣ በአንደኛው የተገኘው የአጻጻፍ ጥራትም ወዲያው ለሌላው ያገለግላል። የሪል ቁጥሮች ፊልድ (አራቱ የስሌት ሕጎች የሚሠሩበት ስብስብ) መሆን፣ ኢኩዊቫለንስ ሪሌሽን (ነገሮችን እንደ እኩል በመቁጠር የሚመድብ ዝምድና)፣ ፈንክሽን አንድ ለአንድ ነው ወይስ አይደለም የሚሉት ጉዳዮች በሁለቱም በኩል ስለሚመጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

የሚጋጩት ግን በሰዓት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሮቹን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። በአሜሪካ ኮሌጆች የተለመደው መለኪያ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ሥራ ነው። በዚህ ስሌት 16 ክሬዲት በሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ 20 የሥራ ሰዓት ሲጨመር 68 ይደርሳል። ይህ መጓጓዣን፣ ምግብ ማብሰልን፣ የቤተሰብ ጉዳይንና የእሑድ ቅዳሴን አይጨምርም። ከዚህም በላይ መለኪያው ለማረጋገጫ ኮርስ አይበቃም። ለሦስት ክሬዲት 9 ሰዓት ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አናሊሲስ የሚወስድ ተማሪ ግን 12 ወይም 15 ሰዓት ቢፈጅበት የሚያስደንቅ አይደለም። ሌላው ደግሞ እነዚህ ሰዓታት ተጠቅልለው በአንድ ቀን ሊሠሩ አይችሉም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀምጦ የካልኩለስ ቤት ሥራ መጨረስ ይቻላል፤ የአልጀብራ ቤት ሥራ ግን ማክሰኞ ተነብቦ፣ ረቡዕ ተሞክሮ፣ ሐሙስ ተትቶ፣ ዓርብ በአውቶቡስ ላይ ሳለ ሐሳቡ የሚመጣ ዓይነት ነው። የሥራ ፈረቃዎ እነዚህን የቀናት ክፍተቶች የሚበላ ከሆነ፣ ጠቅላላ ሰዓቱ ቢበቃም እንኳ ኮርሱ አይሳካም።

ስለዚህ ከምዝገባው ላይ መቀነስ ያለበት ፊዚክስ ነው። ላቦራቶሪው በሪፖርቱ ምክንያት ከክሬዲቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ የማስረከቢያ ቀኑም አይንቀሳቀስም። ፕሮባቢሊቲም ወደ ስፕሪንግ (ሁለተኛው ሴሚስተር) ቢተላለፍ ይሻላል፤ በተለይ አናሊሲስን ካዩ በኋላ ስለ ወሰንና ስለ ድምር መቀራረብ የሚነገረው ነገር ብዙ ይቀልልዎታል። በምትካቸው ንባብ እንጂ ከባድ የሳምንት ቤት ሥራ የሌላቸው ሁለት የጠቅላላ ትምህርት ኮርሶች ቢጨምሩ፣ ከነባሩ ጋር ምዝገባዎ 15 ክሬዲት ይሆናል። በትክክል 12 ላይ እንዲያቆሙ ያልመከርኩበት ምክንያት አለኝ። በአብዛኛው ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ፔል ግራንት (የአሜሪካ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ) የሚያገኝ ተማሪ ከ12 በታች ሲወርድ ድጋፉ እንደ ክሬዲቱ ልክ ሊቀንስ ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከዚያ መውረድ የለበትም። በ15 ከጀመሩ፣ ከከባዶቹ ኮርሶች አንዱን መተው ግድ ቢሆንብዎት እንኳ 12 ይቀርዎታል። ሥራውን ከ20 ወደ 10 ወይም 12 ሰዓት ማውረድ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ያን ሴሚስተር ብቻ ያውርዱት። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ ድርሻ አለ። ሥራው የማይቀነስ ከሆነ መልሴ አንዱን ኮርስ ብቻ ይውሰዱ የሚል ነው፤ ይህም ከችሎታዎ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ፎል ከመጀመሩ በፊት ባለው የክረምት ዕረፍት ራስዎን ይፈትኑ። የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፍዎን ዘግተው ባዶ ወረቀት ይያዙና የሚከተሉትን ይጻፉ። የሁለት ሰብስፔሶች (በቬክተር ስፔስ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ስፔሶች) ኢንተርሴክሽን፣ ማለትም የጋራ ክፍላቸው፣ ራሱ ሰብስፔስ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ፣ የሁለት ሰብስፔሶች ዩኒየን (አንድ ላይ ሲጠቃለሉ የሚገኘው) ሰብስፔስ የሚሆነው አንደኛው በሌላው ውስጥ ሲገኝ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ አንድ ሲኩዌንስ (የቁጥሮች ተከታታይ) ሁለት የተለያዩ ሊሚቶች (የሚጠጋቸው ቁጥሮች) ሊኖሩት እንደማይችል ያሳዩ። የመጀመሪያው ብያኔውን ማወቅን ብቻ ይጠይቃል፤ በሩብ ሰዓት ካልተጻፈ ወደ መግቢያው ኮርስ ማስታወሻ መመለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ግን መልካም መመዘኛ ነው፤ አንደኛው በሌላው ውስጥ ካልሆነ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አባል ወስዶ ድምራቸው የት እንደሚወድቅ መጠየቅ እንደሚገባ ራስዎ ካዩ፣ በአልጀብራ ክፍል ውስጥ እንግዳ አይሆኑም። ሦስተኛው ደግሞ ኤፕሲሎንን የሁለቱ ሊሚቶች ርቀት ግማሽ አድርጎ መምረጥን ይጠይቃል። ሦስቱንም በሁለት ወይም በሦስት ምሽት፣ ኢንተርኔት ሳይከፍቱና የተዘጋጀ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ሳይጠይቁ ከጻፉ፣ ሁለቱን ኮርሶች አንድ ላይ ለመጀመር ዝግጁ ነዎት ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። የመጨረሻዋን ቅድመ ሁኔታ አጥብቄ የማነሳት በየሴሚስተሩ ከማየው ነገር ተነሥቼ ነው። የቤት ሥራው ሙሉ ነጥብ ሆኖ ሚድተርም (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ባዶ ወረቀት የሚያስረክብ ተማሪ አለ፤ ያ ተማሪ ሰነፍ ሳይሆን የተቸገረበትን ሰዓት በሌላ ሰው መልስ የሞላ ነው።

የሚቀጥለው ጉዳይ የዲፓርትመንቱ የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ ከሁሉም በላይ ውሳኔዎን ሊለውጥ የሚችለው እርሱ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም ኮርሶች በየሴሚስተሩ ይሰጣሉ፤ በአነስተኛ ዲፓርትመንት ግን የእያንዳንዱ ኮርስ አንደኛ ክፍል በፎል ብቻ፣ ተከታዩ ክፍል በስፕሪንግ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በየሴሚስተሩ የሚሰጡ ከሆነ መቸኮል አያስፈልግም፤ አንዱን በሦስተኛ ዓመት ፎል፣ ሌላውን በስፕሪንግ ወስደው የፒኤችዲ ማመልከቻ በሚላክበት በአራተኛ ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ ሁለቱም ውጤቶች በትራንስክሪፕትዎ (በውጤት መዝገብዎ) ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም በፎል ብቻ የሚሰጡ ከሆነ ግን አንዱን ማዘግየት ማለት ወደ አራተኛ ዓመት ፎል መግፋት ነው፤ ያ ውጤት ደግሞ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ሊወጣ ይችላል። የፒኤችዲ ተቀባዮች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጓቸው ውጤቶች የእነዚህ የሁለቱ ኮርሶች በመሆናቸው፣ በዚህ ሁኔታ አንድ ላይ መውሰዱ አሳማኝ ምክንያት ያገኛል፤ ሥራውን ለመቀነስ የሚከፈለው ዋጋም ትርጉም ይኖረዋል። የድጋፍ ደብዳቤም አይርሱ። ከቢሮው ደጅ በየሳምንቱ የሚያገኝዎት አንድ ፕሮፌሰር የሚጽፈው ደብዳቤ፣ በሁለት ክፍሎች ከኋላ ተቀምጠው «ቢ» ካገኙ በኋላ ከሚለምኑት ሁለት ደብዳቤ ይልቃል።

ከተመዘገቡ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ሲለበሶች (የኮርስ ዕቅዶች) ጎን ለጎን አስቀምጠው የቤት ሥራ ማስረከቢያ ቀናቱንና ሚድተርሞቹን ይመልከቱ። ሁለቱም ቤት ሥራ በአንድ ቀን የሚረከብ ከሆነ፣ ለአንደኛው የራስዎን ቀን ሁለት ቀን ቀደም አድርገው ይቁረጡ። ሚድተርሞቹ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት መደራረባቸው የተለመደ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በሥራ ቦታው ያንን ሳምንት ከወዲሁ ማስፈቀድ ይችላል። ወደ ኦፊስ አወር ሲሄዱ የተጻፈ ሙከራ ይዘው ይሂዱ፤ «አልገባኝም» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «እስከዚህ ድረስ ደርሻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ይህን መገደብ አቃተኝ» የሚል ጥያቄ ፈጥኖ መልስ ያገኛል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው መምህርን የማክበር ልማድ አንዳንዴ ቢሮ ገብቶ መጠየቅን እንደ ድፍረት ያስቆጥርብናል። እዚህ ግን ኦፊስ አወር ለተማሪ ተብሎ የተመደበ የሥራ ሰዓት ነው፤ ብዙ ፕሮፌሰሮችም ማንም ሳይመጣ ተቀምጠው ያሳልፉታል።

ክፍያ የሚመለስበትና በትራንስክሪፕት ላይ ምንም ሳይጻፍ ኮርስ የሚተውበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አያልፍም፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ አንዳቸውም ኮርስ ገና ክብደታቸውን አያሳዩም። እውነተኛው መመዘኛ አምስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ በሁለቱም ኮርሶች የሚሰጡትን ቤት ሥራዎች ከግማሽ በላይ ራስዎ የሚጽፉ ከሆነ፣ ውጤቱ ገና ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ ይቀጥሉ። በአንደኛው በኩል የክፍሉን ማስታወሻ ማንበብ ራሱ የማይቻል ከሆነና ያለፈውን ሳምንት ሳይጨርሱ የሚቀጥለው የሚመጣ ከሆነ፣ የመውጫው ቀነ ገደብ ሳያልፍ ያንን ኮርስ ይተዉ። «ዳብልዩ» (ኮርሱ መተዉን የሚያሳየው ምልክት) የተጻፈበት አንድ ኮርስ ከ«ዲ» ይሻላል፤ ምክንያቱን መናገርም ቀላል ነው። ሆኖም የገንዘብ ድጋፍ ደንቡ የተተወውን ኮርስ እንደተሞከረ እንጂ እንደተጨረሰ ስለማይቆጥረው፣ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ይጠይቁ።

ሰዓቱ አልበቃም ወይም ፈተናው አልሆነም ብለው አንዱን ብቻ ለመውሰድ ከወሰኑ፣ የጊዜ ሰሌዳው እስከፈቀደ ድረስ እኔ የማስቀድመው አናሊሲስን ነው። አንዳንድ መምህራን አልጀብራ ለጀማሪ ንጹሕ ስለሆነ ይቅደም ይላሉ፤ ክርክራቸው ውሃ የማያነሳ አይደለም። ነገር ግን የመገደብ ልማድ ቀስ ብሎ የሚበስል በመሆኑ፣ ፕሮባቢሊቲም ሆነ የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ንድፈ ሐሳብ የሚደገፉት በእርሱ ላይ በመሆኑ፣ እርስዎም የካልኩለስ ትዝታዎ ገና ትኩስ በመሆኑ፣ ጊዜውን ለእርሱ ቢሰጡ ይጠቅማል። አልጀብራው ስፕሪንግ ላይ ከዋለ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር መካከል ባለው ዕረፍት የሞዱላር አሪትሜቲክን (በቀሪ ቁጥሮች የሚሠራ ስሌት) እና የፐርሙቴሽንን (የነገሮችን ቅደም ተከተል መቀያየር) ምዕራፎች በእጅዎ እየሠሩ ይቆዩ። የሦስት ነገሮችን ስድስት ፐርሙቴሽኖች የማባዛት ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ በራሱ እጅ የሞላ ተማሪ፣ ተቀያያሪ ያልሆነ ግሩፕ ምን እንደሚመስል በመጀመሪያው ሳምንት ለፕሮፌሰሩ ምሳሌ መስጠት ይችላል።